የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ዓመታት

ከመካከላችን፥ የታዘዘውን ተርም ፔፐር ነገ ዛሬ ሲል ሰንብቶ፥ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊቱን በቡና ያልገፋ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እጅ አይወጣም። እንግዲህ የአሥር ገጽ ጽሑፍ እንዲህ ካስጨነቀን፥ አምስት ዓመት ተኩል የፈጀ የዶክትሬት ሥራ መሥመሩን ሳይስት እንዴት ተፈጸመ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የማሪ ኩሪ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 በዋርሶ ተወለደች። ከተማይቱ በሩሲያ ቄሣር ግዛት ሥር ስለ ነበረች የዩኒቨርሲቲው በር ለሴት ዝግ ነበር። ስለዚህ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ፓሪስ የምትማረውን እኅቷን ረዳች፤ ተራዋ ሲደርስ በ1891 እሷም ወደ ፓሪስ ሄደች። በሶርቦን በ1893 በፊዚክስ አንደኛ፥ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆና ተመረቀች። በ1895 ፒዬር ኩሪን አገባች።

በ1897 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የምርምሯን ደብተር ከፈተች። ርእሷ ቤክሬል በ1896 ያገኘው የኡራኒዩም ጨረር ነበር። የሠራችበት ክፍል ቀዝቃዛ ስለ ነበረ፥ በፌብሩዋሪ 1898 አንድ ቀን ሙቀቱን ለክታ 6 ዲግሪ ከሩብ ብላ በደብተሯ መዘገበች።

የሥራዋ ዘዴ ቀላል ነው። ፒዬርና ወንድሙ ዣክ የፈለሰፉት መሣሪያ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይልን ይለካል። እሷም የኡራኒዩምን ጨረር እንደ አንድ ቆጥራ ሌላውን ሁሉ በዚያ መዘነችው። ማዕድኑን በአሲድ አሟሙታ በለየች ቁጥር እያንዳንዱን ክፍል ትለካለች፤ የበረታውን ትይዛለች፥ የደከመውን ትተወዋለች። ስለዚህ ወደ ፊት መራመዷን ወይም ወደ ኋላ መቅረቷን የምትነግራት ቁጥር ነበረች እንጂ ስሜቷ አልነበረም።

ሥራው እስኪያልቅም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በኤፕሪል 1898 የመጀመሪያ ሪፖርቷን መምህሯ ሊፕማን ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበላት። በጁላይ ከኡራኒዩም 400 ጊዜ የበረታውን ፖሎኒዩም፥ በዲሴምበር 900 ጊዜ የበረታውን ራዲዩም ከፒዬር ጋር አስታወቁ።

ዳሩ ግን ኬሚስቶች ንጹሕ ራዲዩም ካልተመዘነ አናምንም አሉ። ከዚህ በኋላ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ፥ ከቦሄሚያ የመጣውን በቶን የሚቈጠር የማዕድን ዝቃጭ እስከ 20 ኪሎ በአንድ ጊዜ እያፈላች፥ ቁመቷን በሚያህል ብረት ታማስል ጀመር። ከ1900 ጀምሮ በሴቭር የሴቶች መምህራን ትምህርት ቤት ታስተምርም ነበር። በ1902 የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ የሚሆን የራዲዩም ክሎራይድ አገኘች፤ የራዲዩምን የአቶም ክብደት 225 አለችው። ዛሬ 226 መሆኑ ታውቋል።

ጁን 25 ቀን 1903 በሶርቦን በሦስት ፈታኞች ፊት ቀርባ ዶክትሬቷን ተቀበለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከፒዬርና ከቤክሬል ጋር የኖቤልን ሽልማት አገኘች፤ በ1911 ሁለተኛውን ደገመች።

ነገር ግን እያመሰገንን የምንዘለው አንድ ጉዳይ አለ። ያ ደብተር ሚዛኑንና ሙቀቱን ሁሉ ሲመዘግብ፥ የሠራተኛዋን ጤና አልመዘገበም። የጣቶቿ ጫፎች በጨረር ተቃጥለው ነበር፤ ወዳጃቸው ሳኛክ በ1903 በሰዓቱ እንዲበሉ በደብዳቤ እስከ መለመን ደረሰ። ያን ጊዜ የጨረሩን ጉዳት በሚገባ የሚያውቅ አልነበረም። በ1934 በደም ማነስ በሽታ ሞተች፤ ምክንያቱም ጨረሩ እንደ ሆነ ይታመናል። ደብተሮቿ ዛሬም ጨረር ስለሚሰጡ በጥንቃቄ ይጠበቃሉ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ከማሪ ኩሪ የምንወስደው ሌሊት ማደርን አይደለም። የዕለቱን ሥራ በሚታይ ነገር መለካትን፥ ያልተጠናቀቀውንም ሳያፍሩ ለመምህር ማሳየትን ነው። ዛሬ ማታ ስንት ገጽ እንደ ጻፍን በደብተራችን ጠርዝ እንመዝግብ። ምሳ መብላታችንንም ከጎኑ እንጻፍ።