የማይለየውን ምልክት ያደረጉ ሊቅ፤ ጆርጅ ሄቬሺ

ባለፈው ክረምት ላማችን ጡቷ አብጦ ታመመችና የእንስሳት ሐኪም መጥተው ፔኒሲሊን ወጓት። ከመሄዳቸውም በፊት መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ወተቷን እንዳንሸጥ አስጠነቀቁን። እናቴ ጧትና ማታ አልባ ስትደፋው ባየሁ ጊዜ፣ የደብተር መግዣዬ መሬት ላይ የፈሰሰ መስሎ ስለ ተሰማኝ፣ በዓይን የማይታየውን ነገር ማን ያውቅብናል ብዬ ተከራከርኋት። እርሷ ግን አልሰማችኝም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩን ለኬሚስትሪ አስተማሪያችን ባጫውታቸው፣ በወተት ውስጥ የሚቀር እጅግ ጥቂት መድኃኒት እንኳ በትክክል እንደሚለካ፣ የዘዴውም አባት ጆርጅ ሄቬሺ መሆናቸውን ነገሩኝ። እኔም የሊቁን ታሪክ አንብቤ ለክቡራን አንባብያን አቀርባለሁ። ዓመቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄቬሺ በ1885 ዓ.ም. በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለዱ። በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በማንችስተር ከታላቁ ሊቅ ከራዘርፎርድ ዘንድ ሠሩ። ራዘርፎርድም ራዲየም ዲ የተባለውን ጨረር አመንጪ ነገር፣ እርሳስ ከሚባለው ብረት እንዲለዩ አዘዟቸው። ሄቬሺ ሁለት ዓመት ያህል ደከሙ፤ ነገር ግን አልሆነላቸውም። ምክንያቱም ራዲየም ዲ ራሱ እርሳስ ነበረ፤ በክብደት እንጂ በኬሚካዊ ጠባዩ የማይለይ፣ ኢሶቶፕ የምንለው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ድካሙን ረግሞ በተወው ነበር። እርሳቸው ግን የማይለያይ ከሆነ፣ ጥቂቱን ከተራው እርሳስ ጋር ቢቀላቅሉት ምልክት ሆኖ የእርሳሱን መንገድ ሁሉ እንደሚያሳይ አስተዋሉ። ይህንንም በ1913 በቪየና ከፓኔት ጋር ፈተኑት፤ በ1923 ደግሞ እርሳስ በባቄላ ተክል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ተከታተሉበት። በ1932 ይኸንኑ ምልክት ለመለኪያ አዋሉት።

የአለካኩ ምሥጢር እንዲህ ነው። በአንድ ቁና ባቄላ ላይ ቀይ የተቀቡ 1,000 ፍሬዎች ጨምረን፣ በደንብ አዋሕደን አንድ እፍኝ እንዝገን። ለአንዱ ቀይ 9 ተራ ፍሬ ቢደርሰው፣ በቁናው የነበረው 9,000 ያህል ነው። በመንገድ ግማሹ ቢፈስ እንኳ፣ ቀዩም ተራውም አብረው ስለሚፈሱ ስሌቱ አይዛባም።

ጀርመኖች በ1940 ኮፐንሃገንን ሲይዙ፣ በዚያ ይሠሩ የነበሩት ሄቬሺ የሁለት ሊቃውንትን የወርቅ ኖቤል ሜዳይ በአሲድ አሟሙተው አዳኑት፤ ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ተመልሶ ወጣ። እርሳቸውም ትውልዳቸው ከአይሁድ ስለ ነበረ በ1943 ወደ ስዊድን ተሰደዱ። የዚያው ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም ለእርሳቸው ሆነ። በ1966 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ዐረፉ።

ዛሬ በላቦራቶሪ ካርቦን 13 ወይም ከባድ ሃይድሮጅን የገባበት የእንስሳት መድኃኒት ይዘጋጃል። ጨረር የለውም፤ ከተራው መድኃኒት የሚለየው በክብደቱ ብቻ ነው። ተለክቶ በወተቱ ናሙና ውስጥ ሲጨመር እንደዚያ ቀይ ባቄላ ያገለግላል፤ ቀላሉንና ከባዱን የሚለየውም ረቂቅ መሣሪያ ነው።

ወገኖቼ፣ ከሄቬሺ ሕይወት ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፣ አልሳካ ያለ ሥራ ራሱ መንገድ ሊያሳይ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ በዓይን አለመታየት አለመኖር አለመሆኑን ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሕፃን ያንን ወተት ቢጠጣ ኖሮ፣ የደብተሬ ዋጋ ምን ይጠቅመኝ ነበር? እናቴ ኬሚስትሪ ሳትማር ይህን ቀድማኝ አውቃለች።