የጆን ዌስሊ እምነት ምክንያት

ጆን ዌስሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1703 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በኤፕወርዝ ከቄስ ቤት ተወለደ። በኦክስፎርድ ተምሮ ቅስና ተቀበለ፤ ይጾም፥ እስረኞችን ይጐበኝ፥ ለድኾችም ይመጸውት ነበር። በ1735 ለስብከት ወደ አሜሪካ ወደ ጆርጂያ ሲሄድ ግን ዋናው ምክንያቱ የገዛ ነፍሱን ለማዳን መሆኑን ራሱ ጽፎአል። በባሕርም ማዕበል በተነሣ ጊዜ እርሱ ሞትን ፈራ፤ ከጀርመን አገር የመጡት ሞራቪያውያን ግን ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋራ ሳይናወጡ ይዘምሩ ነበር። ስለዚህ እምነቱ በምን ላይ እንደ ቆመ ይመረምር ጀመር።

በ1738 በግንቦት ወር፥ በለንደን በአልደርስጌት መንገድ፥ ሉተር ስለ ሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ሰምቶ በክርስቶስ ብቻ እንደ ታመነ፥ ኃጢአቱም እንደ ተሰረየለት በልቡ ተረዳ። እስከ ሞተበት እስከ 1791 ድረስ ጾምንና ምጽዋትን አልተወም፤ ነገር ግን የመዳን ዋጋ መሆናቸው ቀርቶ የምስጋና ፍሬ ሆኑ።

አንባቢ ሆይ፥ አንተስ የምትጸልየው ሲኦልን ፈርተህ ነውን? ወይስ ሰው እንዲያመሰግንህ? ወይስ አምላክህን ወድደህ? ሥራው አንድ ሲሆን ምክንያቱ ይለያያልና ልብህን መርምር።