ጆሴፍ ዊትዎርዝ

ሰር ጆሴፍ ዊትዎርዝ (ከ1803 እስከ 1887 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በ1841 ለብሎን ጥርስ ወጥ ልኬት በማቅረቡና የጠመንጃን ዒላማ የመምታት ብቃት በማሻሻሉ ነው።

ሕይወቱ

ዊትዎርዝ በስቶክፖርት ተወለደ። በለንደን በሄንሪ ሞድስሌይ ፋብሪካ ከሠራ በኋላ በ1833 በማንችስተር የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። የኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ የሚለይ መለኪያ መሣሪያም ሠርቷል።

ጠመንጃው

በ1854 መንግሥት የእንፊልድ ጠመንጃ ማምረቻ ማሽኖችን እንዲነድፍ ጠየቀው። እሱ ግን አስቀድሞ የአፈሙዙ አሠራር በሙከራ መጠናት አለበት አለ። ስለዚህ በመኖሪያው ግቢ 500 ያርድ (457 ሜትር) የሚረዝም የተኩስ መሞከሪያ ተሠራለት።

በእንፊልድ አፈሙዝ ውስጥ ጥይቱ አንድ ዙር የሚዞረው በ198 ሴንቲሜትር ነበር። ዊትዎርዝ ይህን ወደ 51 ሴንቲሜትር አሳጠረው፤ የአፈሙዙንም ስፋት ከ14.7 ወደ 11.5 ሚሊሜትር አጠበበው። ቀጭንና ረጅም ጥይት በአየር ላይ እንዳይገለባበጥ በፍጥነት መሽከርከር አለበትና። የአፈሙዙን ውስጥ ባለስድስት ጎን አድርጎ ጥይቱን በዚያው ቅርጽ ሠራው።

በ1857 በተደረገው ውድድር የዊትዎርዝ ጠመንጃ እንፊልዱን በሰፊው በለጠ። ሆኖም ዋጋው ውድ ስለነበረና አፈሙዙ በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ስለሚቆሽሽ ሠራዊቱ በሰፊው አልታጠቀውም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ግን የደቡብ ኮንፌዴሬሽን አልሞ ተኳሾች ተጠቅመውበታል። ብሪታንያ በ1871 የተቀበለችው ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃም አፈሙዙ ጠባብ፣ የጥይቱም ሽክርክሪት ፈጣን ነበር።

ዊትዎርዝ በ1868 ለወጣት መሐንዲሶች የነፃ ትምህርት ዕድል አቋቋመ። በሞንቴ ካርሎ ሞተ።