በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ የመጀመሪያው የቴያትር ደራሲያችን



እንደ ልማዳችን በዘንድሮውም መጽሔታችን ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። እኚህ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ለብዙው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሕገ መንግሥቱና የጄኔቭ ክርክር ነው። ለአገራችን የመጀመሪያውን ቴያትር የጻፉ እሳቸው መሆናቸውን፣ በእርጅናቸውም ዘመን እዚሁ ከእኛ ቅርብ፣ በጨርጨር አውራጃ በሂርና እርሻቸውን ይዘው መኖራቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከድሬዳዋ ተነሥተን፣ ደንገጎን ወጥተን፣ ቁልቢን አልፈን ወደ አሰበ ተፈሪ ስንሄድ ሂርና መንገዳችን ናት። ሻይ ጠጥተን እናልፋለን እንጂ እዚያ ማን እንደኖረ አንጠይቅም።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር በሚባል አገር ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር መጥተው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቢሆናቸው ነው፤ ቢሆንም ከጌታቸው ጦር ጋር ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሌዎንትየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩና እዚያው አደጉ። በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው የጦር መኮንን ሆኑ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ጥቂት ከሰነበቱ በኋላ ደግሞ እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ።

በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው መርከቡ ጅቡቲ ያወርደዋል፤ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ይገባል። ሐዲዱ ከተማችን የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አዲሱ ዕውቀትም ሆነ አዲሱ ዕቃ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚረግጠው የእኛን ምድር ነበር ማለት ነው። ተክለ ሐዋርያት ይዘውት የመጡት ግን በሣጥን የሚጫን ዕቃ አልነበረም፤ ቴያትር የሚባል ነገር ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ይለው ነበር። በየሆቴሉም ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ ተቀላቅሎ ይቀርባል፤ ይህም ቴያትር ተብሎ ይጠራል። ተክለ ሐዋርያት ይህን አልወደዱትም። ለእሳቸው ቴያትር ማለት ተመልካቹ ስቆ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያስበው ነገር የሚያገኝበት ነው። እንግዲህ ብዕራቸውን አንሥተው ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ድርሰት ጻፉ። መነሻ የሆናቸው ላ ፎንቴን የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ የጻፋቸው የእንስሳት ተረቶች ናቸው።

ለምን አውሬዎች? ቢባል መልሱ ለእኛ አያስቸግርም። በአገራችን ጌታን በስሙ ጠርቶ መውቀስ ራስን ማስቆረጥ ነው። አያቶቻችን ግን አንበሳን፣ ጅብንና ቀበሮን እያናገሩ ለልጅም ለንጉሥም ሲነግሩ ኖረዋል። ሰምና ወርቁን የለመደ ሕዝብ አውሬው ማን እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ድርሰቱ የሚነካው የዘመኑን የአስተዳደር ጉድለት፣ ጉቦውንና ኋላ ቀርነቱን ነበር።

ቴያትሩ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል በመኳንንቱና በታላላቅ ሰዎች ፊት ታየ። ወርቁም አልተሰወረም፤ ገባቸው። ታዲያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥት ድርሰቱን አገደው፤ መጽሐፉም እንዲሰበሰብ ታዘዘ። እገዳው በአንዱ ድርሰት ብቻ አላበቃም፤ ቴያትር ራሱ ተከለከለ። እስከ 1923 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ድረስ መድረክ የለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ተነሥተው የተቋረጠውን ሥራ የቀጠሉት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። በዚያ እገዳ የተጎዳው ደራሲው ብቻ አይደለም። ሊጽፍ ይችል የነበረ ወጣት ሳይጽፍ ቀርቷል፤ ሊያይና ሊማር ይችል የነበረ ሕዝብም ሳያይ ቀርቷል። ፊቱ ላይ ያለውን ጥላሸት ያሳየውን መስተዋት የሰበረ ሰው ጥላሸቱ አይለቀውም፤ መስተዋት ብቻ ያጣል። በየቤታችንም ቢሆን የሚመክረንን ሰው ዝም ስናሰኝ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ግን ቴያትሬ ታገደብኝ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቴያትር ሊያሳዩት የፈለጉትን መልካም አስተዳደር በተሾሙበት ቦታ በሥራ ማሳየት ያዙ። የጅጅጋ ገዢ ሆነው መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ከተማ በፕላን አስወጡ። ኋላም በ1915 ዓ.ም. ግድም ጨርጨርን ተሾሙና አሰበ ተፈሪን፣ ዛሬ ጭሮ የምንላትን ከተማ፣ ቆረቆሩ። ጨርጨር ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አውራጃ እንዲሆን ነበር የታሰበው።

ከዚያም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በጅሮንድ የተባሉትም በዚሁ ሥራ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በዋናነት እሳቸው ናቸው። ሕጉ 55 አንቀጾች የነበሩት ሲሆን አብነቱ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ሥልጣን የሚተው ሕግ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የአገዛዝ ነገር በጽሑፍ መሥፈሩ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ኋላ በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ተነሥቶ ኢጣሊያ ጦርነት ስታሰናዳ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ዓለም ሰማ፤ ግን አልረዳም።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ይህን አልደገፉም፤ እዚሁ ሆኖ መዋጋት ይሻላል የሚሉ ነበሩ። እሳቸውም በመጨረሻ ስደት ወጡ፤ ብዙውንም ዘመን በማዳጋስካር ደሴት አሳለፉ። ኢጣሊያ ከተባረረች በኋላም ቶሎ አልተመለሱም። አገራቸው የገቡት በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። ሹመት ሳይፈልጉ ሂርና ሄደው ከመሬቱ ጋር ኖሩ። በወጣትነታቸው የተማሩት የእርሻ ትምህርት ለእርጅናቸው ሆናቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የአባቱን ብዕር ወርሶ አርአያ የተባለውን ልብ ወለድና ቴዎድሮስ የተባለውን ቴያትር ጻፈ። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተወለዱት ሰው በደርግ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

በእድራችን ልማድ ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ ተጽፎ ይነበባል። ብዙ ጊዜ ግን የምናነበው የተወለደበትን ዓመት፣ የሠራበትን መሥሪያ ቤትና የልጆቹን ቁጥር ነው። በዚህ አጻጻፍ ቢሆን ኖሮ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ማዕርግ ይነበብ፣ ያች የታገደች ቴያትር ግን ትረሳ ነበር። ዛሬ ከማዕርጋቸው ይልቅ የመጀመሪያው ደራሲ የሚያሰኛቸው ደግሞ እሷው ናት። ደግነቱ እሳቸው የሕይወታቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው አኖሩት፤ ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። በየቤታችሁ ያሉትን አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። የተሾሙበትን ብቻ ሳይሆን ሊሠሩ ፈልገው የተከለከሉትን ጭምር ጠይቋቸው። ከድንኳኑ ሥር የምናነበው ወረቀት ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል።

የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትን ነፍስ ይማርልን፤ ለእናንተም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።