ሬዲዮ ለምን ሄድ መለስ ይላል? ጥያቄውን ይዞ ሰማይ የለካው ኤድዋርድ አፕልተን

ቤታችሁ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ካሉ ጠይቋቸው። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን በአጭር ሞገድ ሲያዳምጡ፣ ዜናው መሀል ላይ ድምፁ ርቆ ይሄድና ተመልሶ ይመጣ ነበር። አንዱ ሬዲዮኑን መታ መታ ያደርጋል፣ ሌላው አንቴናውን ያዞራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሬዲዮኑ ሳይሆን የሰማዩ ነበር።

ይህን ለክቶ ያረጋገጠው ኤድዋርድ አፕልተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አፕልተን በ1892 ብራድፎርድ በምትባል የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ልጁ ጎበዝ ስለነበር ስኮላርሺፕ አግኝቶ ካምብሪጅ ገባ፣ ፊዚክስ ተማረ። ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አፕልተንም ዘምቶ ከመገናኛ ሬዲዮ ጋር ተዋወቀ። ከጦርነቱ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው፦ የሬዲዮ ሲግናል ለምን ይደክማል፣ ለምንስ ተመልሶ ይበረታል?

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ማርኮኒ በ1901 የሬዲዮ ሲግናል አትላንቲክን አሻግሮ ነበር። ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ታዲያ እንዴት ደረሰ? ኬኔሊና ሄቪሳይድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1902 ላይኛው አየር ውስጥ ሞገዱን እንደ መስታወት የሚመልስ ነገር አለ ብለው ገመቱ። ግን ግምት ነው፤ ያየው የለም።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1924 ሌሊት አፕልተን ማይልስ ባርኔት ከሚባለው ተማሪው ጋር ሞከረው። ቦርንማውዝ ያለው የቢቢሲ ማሰራጫ መደበኛ ፕሮግራሙን ከጨረሰ በኋላ የሞገዱን ርዝመት ቀስ በቀስ እንዲቀይርላቸው አደረጉ። እነሱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ኦክስፎርድ ላይ ይቀበላሉ። አንዱ ሞገድ መሬት ለመሬት ይመጣል፣ ሌላው ሰማይ ነክቶ ይመለሳል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ድምፁ ይጎላል፣ ሲጣሉ ይደክማል። ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ ቆጥረው የሰማዩን ቁመት አሰሉት፦ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። መስታወቱ እውነት ሆኖ ተገኘ።

አፕልተን በዚህ አልቆመም። ሊነጋጋ ሲል ይህ ንብርብር ይሳሳል፤ ያኔ ሞገዱ ሰንጥቆት ያልፋል። ግን ወደ ጠፈር አይጠፋም፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ ይመለሳል። ሁለተኛ ንብርብር አለ ማለት ነው! የመጀመሪያውን ኢ፣ የላይኛውን ኤፍ አለው። ከኢ በታች ያለው ደግሞ ዲ ተባለ። ይህ የፀሐይ ጨረር አየሩን ሰባብሮ ኤሌክትሪክ ያሸከመው ክፍል ዛሬ አዮኖስፌር ይባላል።

በ1932 አፕልተን ቡድኑን ይዞ ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ሄደ። እዚያ የፀሐይ ማዕበል የምድርን መግነጢስ ሲያናውጥ ወደ ላይ የላኩት ሲግናል ጭራሽ አልመለስ አለ። ታችኛው ንብርብር ሲረበሽ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ላይኛው ደህና ቢሆንም አይደረስበትም። የአንዱ ረብሻ የሌላውን በር ይዘጋል።

በሬዲዮ ማሚቶ ርቀት የመለካቱ ዘዴ ለራዳር መንገድ ጠረገ። አፕልተንም በ1947 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ወሰደ።

አሁን ወደ እኛ ሰማይ እንምጣ። በ1946 አፕልተን ከብዙ አገር ጣቢያዎች የተሰበሰበ ልኬት ሲያይ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ፀሐይ አናት ላይ የምትቆመው ወገብ አካባቢ ስለሆነ የኤፍ ንብርብር እዚያ ሊወፍር ይገባ ነበር። የሆነው ግን ግልባጩ ነው፦ በመግነጢስ ወገብ ላይ ሳስቶ፣ በሰሜንና በደቡብ በኩል ወፍሯል። ይህ የመግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው።

ምክንያቱን ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ ፈቱት። ቀን ቀን በኢ ንብርብር ያለው ነፋስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ወገቡ ላይ የምድር መግነጢስ አግድም የተኛ ስለሆነ ያ ኤሌክትሪክ የኤፍን ጋዝ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጋዙ ልክ እንደ ፏፏቴ ውሃ ወጥቶ በሁለቱም ጎን ይወርዳል። ታች የተነሳው ነገር ላይኛውን ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ኢ ቶሎ ይሟሽሻል፣ ኤፍ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከሥሩም እንደሚፈላ ውሃ አረፋ መሥራት ይጀምራል። የሳተላይት ሲግናል በነዚያ አረፋዎች ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጂፒኤስ ከመሸ በኋላ አንዳንዴ ሲሳሳት ጥፋተኛው ስልካችሁ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለእኛ ይህ ካርታው ትንሽ መሳቱ ነው፤ ለአውሮፕላንና ለመሬት ቀያሽ ግን ቀልድ አይደለም።

በ1957 እና 58 ዓለም በሙሉ ምድርን ለማጥናት ሲነሳ አዲስ አበባ ላይም የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ተከፍቶ መግነጢስ መለካት ጀመረ። ለወገቡ መቅረቧ ከተማዋን ተፈላጊ አድርጓታል።

አፕልተን ከ1949 ጀምሮ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲን እየመራ ቆይቶ ሚያዝያ 21 ቀን 1965 አረፈ። ዕድሜው 72 ነበር። የወገቡ ሰማይ ዛሬ ማታ ምን ያህል አረፋ እንደሚሠራ ቀድሞ መናገር እስካሁን አስቸጋሪ ነው። ያንን የሚፈታው ሰው ምናልባት ይህን ጽሑፍ በስልኩ እያነበበ ይሆናል። ማን ያውቃል?

ቤታችሁ ሬዲዮኑን መታ መታ የሚያደርገው ማን ነበር? ኮመንት ላይ ንገሩን።