የደምን ኃይል የለካው የገጠር ቄስ፤ የስቲቨን ሄልስ አጭር የሕይወት ታሪክ

ተቀምጦ ወይም ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ዓይኑ ጭልም፥ ጆሮው ጭው ይልበታል፤ ራሱም ይዞራል። በምሥራቅ ጎጃም፥ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በሚታይበት በመርጡለ ማርያም፥ ወይም በሌላው የአገራችን ደብር፥ በዕለተ ስቅለት እህል ውሃ ሳይቀምስ ሲሰግድ የዋለ ምእመን ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ከመሬት ቀና ሲል ምድር የምትዞር ይመስለዋል፤ የጎረቤቱን ትከሻ ወይም ግድግዳውን ይይዛል፤ ጥቂት ቆይቶም ይተወዋል። አንዳንዱ ነገሩን ለቡዳ፥ አንዳንዱ ለዛር፥ አንዳንዱም ለሰውዬው ስንፍና ይሰጠዋል። ዋናው ምክንያት ግን ደም እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ክብደት ስላለው፥ ሰው ሲቆም ወደ ታች መውረዱ ነው።

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ ደም በሥር ውስጥ የሚሄድበትን ኃይል በልክ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ያን ልክ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ሐኪም አልነበረም። እርሱም በማርያም ስም በተሠራች ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የእንግሊዝ አገር የገጠር ቄስ ነበር።

ስቲቨን ሄልስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1677 ዓ.ም. ኬንት በሚባለው ክፍለ ሀገር ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1696 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመጣው የቤተ ክህነት ትምህርት ለመማር ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የኒውተን ትምህርት ገንኖ ስለ ነበረ፥ ተፈጥሮን በቍጥርና በሚዛን የመመርመር ፍቅር አደረበት። ከወዳጁ ከዊልያም ስቱክሊ ጋር በየሜዳው እየዞረ ዕፅዋት ይሰበስብ፥ የእንስሳትንም አካል እየከፈተ ይመረምር ነበር። በ1709 ዓ.ም. በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለችው በቴዲንግተን መንደር ተሾመ። በ1720 ዓ.ም. ቢያገባም ሚስቱ በዓመቱ ስለ ሞተች ያለ ልጅ ቀረ፤ ሌላም አላገባም። ሹመት ቢቀርብለትም መንደሩን ሳይለቅ ከ50 ዓመት በላይ በዚያው ኖረ።

ከእርሱ በፊት ዊልያም ሃርቬይ የተባለው ሐኪም ደም ከልብ ወጥቶ መላ ሰውነትን ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በ1628 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶ ነበር። ደሙን የሚገፋው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ግን የለካ አልነበረም። ሄልስ ሊለካው ተነሣ። በሕመም ምክንያት ልትገደል የተወሰነባትን 14 ዓመት ያህል የሆናትን ባዝራ በጀርባዋ አስተኝቶ አሰረ፤ የጭኗን ደም ወሳጅ ሥር ከፍቶ የነሐስ ቧንቧ አገባበት፤ በዚያም ላይ 9 ጫማ ርዝመት ያለው የመስተዋት ቧንቧ ቀጥ አድርጎ አቆመ። ደሙ በመስተዋቱ ውስጥ እየዘለለ ከልቧ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፥ ማለት 2 ሜትር ተኩል ያህል ወጣ። በደም መላሽ ሥር ግን የሚወጣው ከዚህ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ደሟን እየመጠነ ባፈሰሰ ቍጥር፥ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ከፍታ እየወረደ መሄዱን እስክትሞት ድረስ መዘገበ። በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ የተደረገ ስለ ሆነ ሥራው ጭካኔ ነበረበት፤ ጎረቤቱ ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕም በዚህ ያዝንበት ነበር። ሄልስ ውጤቱን በ1733 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ።

የባዝራዋ ታሪክ የእኛን ራስ ማዞር ይገልጠዋል። የደም ኃይል ማለት ልብ ደምን ምን ያህል ከፍታ ሊያነሣው ይችላል ማለት ነው። ሄልስ ለሰው 7 ጫማ ተኩል ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ይህ በዝቷል። ዛሬ በሐኪም ቤት ክንዳችን ላይ በሚታሰረው መለኪያ 120 የሚባለው ቍጥር የሜርኩሪ ሚሊሜትር ነው፤ በደም ከፍታ ሲመነዘር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ሰው ሲተኛ ልቡና አንጎሉ አንድ ደረጃ ላይ ናቸው። ሲቆም ግን አንጎል ከልብ በላይ አንድ ጫማ ያህል ከፍ ይላል። በዚያው ቅጽበት ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ ልብም የሚረጨው ይቀንሳል። እንደ ባዝራዋ ሁሉ ከፍታው ዝቅ ይላል፤ አንጎልም ለጥቂት ጊዜ ደም ያጥረዋል።

ጤነኛ ሰውነት ለዚህ መላ አለው። በአንገት ሥርና ከልብ በሚወጣው ታላቅ ሥር ላይ ኃይሉን የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ፤ መቀነሱን ሲያውቁ ልብ እንዲፈጥን፥ ሥሮችም እንዲጠብቡ ያደርጋሉ። ይህ በጥቂት ሴኮንድ ይፈጸማል፤ ማዞሩም ቶሎ የሚተወው ስለዚህ ነው። ውሃ የጎደለበት፥ ተቅማጥ ያደከመው፥ ደም የፈሰሳት ወላድ፥ የሸመገለ ሰው፥ የስኳር ሕመምተኛ፥ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መላው ሊዘገይበት ይችላል። ሐኪሞች አንድ ሰው በቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቍጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ እንደ ሕመም ይቈጥሩታል።

ሄልስ ከዚህ ሥራ ጋር በዕፅዋት ውስጥ የሚወጣውን ፈሳሽ በተመሳሳይ ዘዴ ለክቶ በ1727 ዓ.ም. መጽሐፍ አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ዕውቀቱን ለድሆች ጥቅም አዋለው። አየር በታፈነባቸው መርከቦችና ወህኒ ቤቶች የሚሞተው ሕዝብ ብዙ መሆኑን አይቶ አየር መለወጫ መሣሪያ ሠራ፤ በ1752 ዓ.ም. በለንደኑ የኒውጌት ወህኒ ቤት ተተከለ። ጂን የሚባለው አረቄ ድኻውን ሲፈጀው አይቶ በ1734 ዓ.ም. የተግሣጽ ጽሑፍ አሳተመ። ለመንደሩ ሰዎችም ንጹሕ ውሃ እንዲመጣ አደረገ። በ1761 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐርፎ በዚያው በሚያገለግልባት በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ተቀበረ።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ትውልድ ስፍራችን ስንሄድ ከዚህ ቄስ የምንወስደው ነገር አለ። አያታችን ከመደብ ሲነሡ ቢንገዳገዱ፥ ቡዳ በላቸው ከማለት በፊት፥ ውሃ ጠጥተዋልን? የሚወስዱት መድኃኒት አለን? ብለን እንጠይቅ። ከመነሣታቸው አስቀድሞ ጥቂት እንዲቀመጡ፥ እግራቸውንም እንዲያንቀሳቅሱ እንንገራቸው፤ ያዞረውም ሰው ቶሎ ይቀመጥ ወይም ይተኛ። ነገሩ ከተደጋገመ፥ ራስን ካሳተ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ የሽማግሌ አንድ ውድቀት ዳሌ ሰብሮ አልጋ ላይ ያስቀራልና። ይህ ጾምንና ስግደትን መንቀፍ አይደለም። ሄልስም የእምነት ሰው ነበር፤ እምነቱም ከመለካት አልከለከለውም። ሌሎች በግምት የተናገሩበትን ነገር እርሱ በቧንቧ ለካው፤ ከእኛም የሚፈለገው ከመፍረዳችን በፊት መመርመር ነው።