አቶ ይድነቃቸው ተሰማ (1914–1979 ዓ.ም.)

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋዎች የልደት በዓል ዕለት ጌታና አሽከር ገና ሲጫወቱ ማዕርግ ከሜዳው ውጭ ይቀር ነበር፤ ጌታ በጨዋታው ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነው። ይህ ልማድ ግን የሚጸናው በበዓል ሰሞን ብቻ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ዕድሜያቸውን ያዋሉት በሜዳ ላይ ያለው እኩልነት የዘወትር ሕግ እንዲሆን በመሟገት ነው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሰሜን ሸዋ፣ የምንጃር ተወላጅ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ቢልኳቸው፣ ሙያውን ከመቅሰማቸውም በላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። ይድነቃቸው በጅማ ተወልደው በአዲስ አበባ ተማሩ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠላት ዋና ከተማይቱን ያዘ። ፋሺስቶች ስፖርትን በዘር ለይተው ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ ከለከሉ። ወጣቱ ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ የተጫወቱት በዚህ አገዛዝ ሥር ጭምር ነው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ፣ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣልያኖችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች በአንድ ውድድር ተሰለፉ። ትናንት ክልክል የነበረው ግጥሚያ ዛሬ በአንድ ደንብና በአንድ ዳኛ ፊት ተካሄደ። አጥቂው ይድነቃቸው ከሃያ ዓመት በላይ የጊዮርጊስን ማልያ ለብሰዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ አቶ ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ የምትልከው ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ መሆኑን ባስታወቀች ጊዜ ከውድድሩ ወጣች፤ ኋላም ከማኅበሩ ተሰረዘች። አባላቱ አራት ብቻ ለሆኑ ጨቅላ ማኅበር አንዱን ማጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም መተዳደሪያ ደንብ በተመሠረተበት ቀን ካልተከበረ ኋላ የሚያከብረው አይገኝም።

በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። ፋሺስቶች በዘር በከፈሉት ከተማ ይህ መታየቱ ብዙ ይናገራል።

አፍሪካ ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ በቀጥታ የምታልፍበት አንድ ቦታ እንኳ ስለተነፈጋት አገሮቿ ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ፤ አቶ ይድነቃቸው ከዚህ አቋም ግንባር ቀደም ተሟጋቾች አንዱ ነበሩ። በተከታዩ ውድድር አንድ ቦታ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ቦታ ተገኘ። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሕልፈታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ከአጀንዳቸው አልወጣም፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ አገሪቱን ከአባልነት ሰረዘ።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሕጎቿን ሽራ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትመለስ አላዩም፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር ተጫዋቾቿን በአንድ ማልያ አሰልፋ ዋንጫውን ስታነሣም አልነበሩም። የካርቱም ጉባኤ በሯን የዘጋባት ለዘለዓለም አልነበረም፤ ደንቡን አሟልታ እስክትመጣ ድረስ እንጂ።